የካምፑ ቦታ እንደተነገረን ካልሆነስ?

ዛሬ የምናወጋው ከከተማ ወጥቶ በድንኳን ወይም በካራቫን ስለማደር ነው። ስለ ጉዞው ውበት ብዙ ተብሏል፤ እኔ ላነሣላችሁ የፈለግሁት ብዙ ያልተባለለትን ነው። ቀብድ ተከፍሏል፣ ልጆች መኪና ውስጥ እንቅልፍ ወስዷቸዋል፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷታል፤ የደረስንበት ቦታ ግን በስልክ እንደተነገረን አይደለም። ሻወር አለ የተባለው ቧንቧው ደርቋል። ሐይቅ ዳር ነው የተባለው ከሐይቁ ርቋል። እንዲህ ሲያጋጥም ምን ይደረጋል? ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ከቤት ሳንወጣስ ምን ማድረግ እንችላለን?

ጉዳዩ እኛን፣ የአዳማንና የስምጥ ሸለቆ ከተሞችን ነዋሪዎች፣ በሁለት በኩል ይነካናል። ተጓዦች ነን፤ አስተናጋጆችም ነን። አዳማ መስቀለኛ መንገድ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ወደ ምሥራቅ የሚሄድ በወለንጪቲና በመተሐራ አድርጎ አዋሽ ይገባል። ወደ ደቡብ የሚሄድ ሞጆ ተመልሶ በመቂና በባቱ በኩል ላንጋኖን፣ አብያታንና ሻላን አይቶ ሻሸመኔ ይደርሳል። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ከአዲስ አበባ የተነሣ ቤተሰብ ለምሳ ሶደሬ ወይም ላንጋኖ መድረስ ይችላል። ስለዚህ በሐይቆቻችን ዳር ድንኳን የሚተክለው ሰው እየበዛ ነው፤ ቅሬታውም አብሮ ይበዛል።

ካራቫን ስንል በመኪና የሚጎተት፣ አልጋ፣ ምድጃና ውሃ ያለው ተሽከርካሪ ቤት ማለታችን ነው። ለመዝናኛ ተብሎ የመጀመሪያው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1885 በእንግሊዝ አገር ነው። ያሠራው ጎርደን ስቴብልስ የተባለ የባሕር ኃይል ሐኪምና ጸሐፊ ሲሆን፣ ሁለት ቶን የሚመዝነውን ያንን ቤት የሚጎትቱት ፈረሶች ነበሩ። ዛሬ በአውሮፓ በበጋ ወራት አውራ ጎዳናው በካራቫን ይሞላል። በእኛ አገር ካራቫን ያለው ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ካራቫን ለስምጥ ሸለቋችን እንግዳ አይደለም። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ፣ የአዋሽ ወንዝ የቆረጠውን ጥልቅ ገደል ቁልቁል በሚያይ ቦታ ላይ፣ ከረዩ ሎጅ የሚባል ማረፊያ ነበር፤ እንግዶቹ የሚያድሩት በቆሙ ካራቫኖች ውስጥ ነበር። ጠዋት በሩን የከፈተ ሰው ገደሉን፣ ከሥሩ ወንዙን፣ ማዶውን ያያል። እንዲህ ያለ የማረፊያ ቦታ በአገራችን ብዙ አይገኝም። ዘመን ሲገፋ ካራቫኖቹ አረጁ፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የጎበኙት ተጓዦች ስለ ቦታው ግርማ እያደነቁ፣ ስለ ማደሪያው ግን እያዘኑ ጽፈዋል። ያ ቦታ ለእኔ የዛሬውን ርእስ በሙሉ ይዟል፤ ተፈጥሮ ያደለችን ነገር የማያልቅ ሆኖ ሳለ እንግዳው የሚማረረው በቧንቧ፣ በመጸዳጃና በፍራሽ ነው።

ከካይሮ ተነሥተው እስከ ኬፕታውን በራሳቸው መኪና አፍሪካን የሚያቋርጡ የውጭ አገር ተጓዦችም በዚህ መንገድ ለብዙ ዓመታት አልፈዋል። በመተማ ገብተው፣ አዲስ አበባ አርፈው፣ በስምጥ ሸለቆ ቁልቁል ወርደው በሞያሌ ይወጡ ነበር። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከተነሣ ወዲህ ያ መስመር ለመንገደኛ አልተመቸም። እነዚህ ሰዎች አልጋቸውን በመኪናቸው ይዘው ስለሚዞሩ ከእኛ የሚፈልጉት ጥቂት ነው፦ ደልዳላ መሬት፣ ንጹሕ ውሃ፣ የሚዘጋ መጸዳጃ ቤት፣ ሌሊቱን የሚጠብቅ ሰው። ይህን ጥቂት ነገር ያገኙበትን ቦታ ከኋላቸው ለሚመጣው ይነግራሉ፤ ያጡበትንም እንዲሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የካምፕ ቦታ ለምን ከተነገረን የተለየ ይሆናል? አንዳንዴ ባለቤቱ አጋኖ ስለሚናገር ነው። ብዙ ጊዜ ግን መሬቱ ራሱ ስለሚለወጥ ነው፤ ይህን ሳይረዱ ከሰው ጋር መጣላት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከመተሐራ አጠገብ ያለውን የበሰቃን ሐይቅ ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ትንሽ ሐይቅ ነው። ዛሬ ከአርባ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሸፍኗል። የግጦሽ መሬት ውጧል፣ አውራ ጎዳናውንና የባቡር ሐዲዱን አስግቶ ከፍ ተደርገው እንዲሠሩ አስገድዷል። ውሃው ጨዋማ ነው፤ ለመጠጥም ለመስኖም አይሆንም። የዛሬ ሃያ ዓመት እዚያ ዳርቻ ያደረ ሰው ድንኳኑን የተከለበት ቦታ ዛሬ ውሃ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

አብያታ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ወደ ሐይቁ የሚገባው ውሃ ለመስኖ እየተጠለፈ፣ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ምርት ውሃ እየተሳበ፣ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ስፋቱ ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ውሃው የሸሸበት መሬት ነጭ ሜዳ ሆኖ ቀርቷል። ይህን ሜዳ በጣም ተጠንቀቁት። ከሩቅ ሲያዩት እንደ አስፋልት የጠነከረ ይመስላል፤ ላዩ ደርቆ የተሰነጣጠቀ ቅርፊት ነው፤ ከሥሩ ግን ጭቃ አለ። በሐይቁ ዳር ወደሚታዩት የፍላሚንጎ ወፎች ልጠጋ ብሎ መኪናውን የነዳ ሰው ጎማው ቅርፊቱን ሰብሮ ሲሰምጥ ያኔ ይነቃል። ተጎታች ያሰረ ከሆነማ ወደ ኋላ መመለሱም ከባድ ነው። እዚያ ወርዳችሁ በእግራችሁ ሂዱ፤ መኪናው የቆየ የጎማ መንገድ ያለበት ላይ ይቁም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በኬንያ በኩል ያሉት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች፣ ናይቫሻና ባሪንጎ ጭምር፣ ሞልተው ወጥተው ቤቶችንና የቱሪስት ማረፊያዎችን አጥለቅልቀዋል። በእኛ በኩል ደግሞ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ ምድር ደጋግማ ተንቀጥቅጣለች፤ በታኅሣሥና በጥር በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተዋል። አዳማ ያለን ሰዎችም ንዝረቱ ሌሊት ቀስቅሶናል። እንግዲህ መሬቱ እንዲህ በሚንቀሳቀስበት አገር ውስጥ አምና የተነሣ ፎቶ ለዘንድሮ ጉዞ ማስረጃ አይሆንም። መጠየቅ ያለበት የሰሞኑ ሁኔታ ነው። የካምፑን ባለቤት ብቻ አትጠይቁ፤ በዚያ መስመር በየቀኑ የሚመላለስ ሹፌር፣ የወረዳው የቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ ወደ ፓርክ የሚሄድ ደግሞ የፓርኩ በር ላይ ያሉት ሠራተኞች ሁሉ ይጠየቁ። የመንገዱም የጸጥታ ሁኔታ አብሮ ይጠየቅ፤ በዚህ ላይ ማፈር አያስፈልግም።

ለባለቤቱ ስትደውሉ ጥያቄያችሁ የተቆረጠ ይሁን። «ውሃ አለ ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰው «አለ» የሚል መልስ ያገኛል፤ መልሱም ሐሰት አይደለም፤ ሐይቁ አለና። «ዛሬ ጠዋት ከቧንቧው ውሃ ወርዷል ወይ? ሮቶው ሞልቷል? ውሃው ከየት ነው የሚመጣው? የሚጠጣ ነው ወይስ ለመታጠቢያ ብቻ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጸዳጃ ቤቱ ለስንት ሰው እንደሆነ፣ ከውስጥ እንደሚቆለፍ፣ ማታ መብራት እንዳለው ጠይቁ። ሴቶችና ልጆች ይዞ ለሚሄድ ይህ ከሁሉም ይቀድማል። ጥበቃ ሌሊቱን ይቆያል ወይስ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ቤቱ ይሄዳል? ጀኔሬተሩ እስከ ስንት ሰዓት ይሠራል? በአጠገቡ የጭፈራ ቤት አለ ወይ? ከዚያ በቴሌግራም የዛሬ ፎቶ እንዲልኩላችሁ ለምኗቸው። ሐቀኛ ባለቤት ፎቶ ለመላክ አይሰንፍም።

ስለ ውሃ ስናነሣ በስምጥ ሸለቆ አንድ ነገር በተለይ ማወቅ አለብን፤ ፍሎራይድ። እሳተ ገሞራ የሠራው ዐለት ይህን ማዕድን ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይለቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በእኛ አካባቢ ግን ከዚያ በብዙ የሚበልጡ ጉድጓዶች አሉ። ጥርሳቸው የበለዘ ሰዎችን በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በዓለም ጤና ከተማ አይተናል፤ በወንጂ የስኳር ልማት ለዓመታት የጉድጓድ ውሃ የጠጡ ሠራተኞች አጥንታቸው እስከ መጉበጥ መድረሱም በሕክምና ጥናት ተመዝግቧል። ለአንድ ሁለት ሌሊት ያደረ ጤነኛ ሰው ከዚህ የተነሣ የሚደርስበት ጉዳት የለም፤ ይሁን እንጂ ሕፃናት ላሏቸው ቤተሰቦች የመጠጥ ውሃ ከቤት በጀሪካን ይዞ መሄዱ ይሻላል። ማፍላት ተውሳክን ይገድላል፤ ፍሎራይድን ግን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ውስጥ ይበረታል።

ለዋናም ቢሆን ሐይቆቹ እኩል አይደሉም። ላንጋኖ ውሃው ቡናማ ስለሆነ ገና ያላወቀው እንግዳ ቆሻሻ መስሎት ቅር ይለዋል። ቀለሙ የመጣው በውስጡ ከተንሳፈፈው ደቃቅ አፈር ነው፤ ሐይቁ ከቢልሃርዚያ ነፃ ነው ተብሎ ስለሚታወቅም ሰው ከድሮ ጀምሮ ይዋኝበታል። የባቱው ደንበል ሐይቅ ግን ሲያዩት የሚያምር ቢሆንም ቢልሃርዚያ ስላለበት ዳር ዳሩን መዋኘት አይመከርም። የወባን ነገር ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይበረታል። የድንኳኑ መረብ ከተቀደደ አጎበር ከላይ ይሰቀል።

ከውሃ ቀጥሎ ነፋስ ነው። የአዳማን ነፋስ ለአዳማ ሰው አላስተምርም። ከከተማችን በላይ የቆሙት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ የመጀመሪያው 51 ሜጋ ዋት፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት፣ እዚህ የተተከሉት በምክንያት ነው። በበጋው ወራት ይህ ነፋስ ሐይቆቹ ዳርም ይነፍሳል። የሐይቅ ዳር አፈራችን ደግሞ አሸዋና ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የበዛበት በመሆኑ ካስማ አይይዝም። ከሱቅ የመጣችው ቀጭን ካስማ በእጅ ትገባለች፤ በእጅም ትወጣለች። መፍትሔው ቀላል ነው። ባዶ የማዳበሪያ ከረጢቶች ይዛችሁ ሂዱ። ከረጢቱን በአሸዋ ሞልታችሁ አፉን እሰሩ፣ የድንኳኑን ገመድ ወገቡ ላይ ቋጥሩ፣ እስከ ክንድ የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት፣ አፈሩን በእግር ርገጡት። እንዲህ የታሰረ ድንኳን ነፋስ ይወዘውዘዋል እንጂ አይነቅለውም። ካራቫን ያለው ሰው ደግሞ የካራቫኑን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አዙሮ ያቁም፣ ጎማዎቹ ሥር ታኮ ያስገባ። የግራር እሾህ ጎማም ፍራሽም ስለሚበሳ መሬቱን አስቀድሞ መጥረግ ግድ ነው፤ ያለ ስኮርታም መውጣት አይገባም። ጥላ ፍለጋ የደረቀ ቅርንጫፍ ያለው ግራር ሥር አትተኙ።

አንድ ነገር ደግሞ በጥብቅ እናገራለሁ። ሌሊቱ ሲበርድ ከሰል ምድጃ ወደ ድንኳን ወይም ወደ ካራቫን የሚያስገቡ ሰዎች አሉ። አታድርጉት። ከሰሉ ነዶ ጭሱ ስለጠፋ አደጋው የጠፋ ይመስላል፤ የሚገድለው ጋዝ ግን አይታይም፣ አይሸትም። በዚህ ምክንያት ተኝተው ያልነቁ ቤተሰቦች በአገራችን ብዙ ሐዘን ጥለው አልፈዋል። ቢበርዳችሁ ብርድ ልብስ ደርቡ፤ ቡታጋዙም ውጭ ይቀመጥ።

ደረስን እንበል። ከቀኑ አስር ሰዓት በፊት ለመድረስ ጣሩ፤ ከዚህ በላይ የሚጠቅም ምክር የለኝም። በብርሃን የደረሰ ሰው ምርጫ አለው፤ በጨለማ የደረሰ ግን የሰጡትን ይቀበላል። ዕቃ ሳይወርድ፣ ቀሪው ክፍያ ሳይፈጸም፣ አንድ ሰው ወርዶ ይዙር። ቧንቧውን ከፍቶ ይይ። መጸዳጃ ቤቱን ገብቶ ይይ። ቢዘንብ ውሃው በየት በኩል እንደሚወርድ መሬቱን ይይ። ከዚያም በአካባቢው የሚኖር ትልቅ ሰው ፈልጎ ያናግር።

ላንጋኖ አካባቢ አንድ ቦታ ከቤተሰብ ጋር የሆነውን ልንገራችሁ። ሻወር አለ ተብለን ሄደን ቧንቧው ደርቆ አገኘነው፤ ልጆቹ አኮረፉ፤ እኛም ተበሳጨን። ድንኳኑን ለመትከል ለስላሳ ሣር ያለበት ቦታ መርጠን ስንዘረጋ አንድ የአርሲ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው መጡ። «አካም ጅርቱ» ብለን ሰላም አልናቸው። ሰላምታውን ከመለሱ በኋላ «ልጆቼ፣ እዚህ አትትከሉ፤ ይሄ የከብት መንገድ ነው» አሉን፤ በትራቸውም ወደ ላይ ያለውን ሌላ ቦታ አሳዩን። ተነሥተን ወደዚያ ሄድን። በማግስቱ ገና ሲነጋ በዚያ ሣር ላይ ከብቱ ተከታትሎ ወደ ሐይቁ ወረደ፤ ጥጃው ከእናቱ ሥር፣ ኮርማው ከኋላ፣ እረኞቹ እየዘፈኑ። ልጆቹ ስለ ሻወሩ ያነሡት ነገር አልነበረም። ለሽማግሌው «ገላቶማ፣ አባባ» ብለን አመስግነን ቡና አፍልተን አብረን ጠጣን። የአካባቢው ሰው የሚያውቀውን ማንም በስልክ አይነግራችሁም።

ቦታው በእርግጥ የማይሆን ከሆነስ? ያኔ በጨዋ ደንብ ይነገር። ጥበቃውን ወይም አስተናጋጁን ልጅ መቆጣት ዋጋ የለውም፤ ዋጋ የሚቀንሰው እሱ አይደለም። ባለቤቱን በስልክ አግኙና የተባለውንና ያገኛችሁትን ለይታችሁ ንገሩት፤ የላከላችሁን መልእክት አሳዩት፤ ከዚያ የምትፈልጉትን ጥቀሱ፦ ዋጋ ይቀነስ፣ ወይም ውሃ በጋሪ ይምጣ፣ ወይም ቀብዱ ይመለስ። ቀብድ በቴሌብር የከፈለ ሰው ማስረጃው ስልኩ ላይ አለ። ብዙ ባለቤቶች በዚህ አነጋገር ይስማማሉ። የጎደለው ምቾት ከሆነ እደሩ፤ የጎደለው ደኅንነት ከሆነ ግን ገንዘቡን ትታችሁ ውጡ። ሰካራም የሚዞርበት፣ ወንዝ ዳር አዞ ያለበት፣ ጎርፍ የሚወርድበት ቦታ ላይ ስለከፈልን ብለን አናድርም። ለዚህም ነው ከቤት ሳትወጡ የአንድ ሆቴል ስልክ መያዝ ያለባችሁ፦ ለላንጋኖና ለአብያታ ባቱ ወይም ሻሸመኔ፣ ለአዋሽ መተሐራ ወይም አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ለሶደሬ ራሷ አዳማ።

ድንበር ተሻግረው መሄድ ለሚያስቡም ጥቂት ልበል። ለኢትዮጵያዊ ቅርቡ ኬንያ ነው፤ ቪዛ አያስፈልግም፤ በሞያሌ በኩል አስፋልት ነው። መኪና የሚነዳው ግን በግራ ነው። በኬንያ ፓርኮች ሁለት ዓይነት የካምፕ ቦታ አለ፤ የሕዝብና ልዩ። ልዩ ሲባል ብዙ ሰው የተሟላ አገልግሎት ያለው ይመስለዋል። ነገሩ ሌላ ነው፤ ልዩው ውድ የሆነው ቦታውን ለብቻችሁ ስለሚሰጣችሁ ነው እንጂ ብዙ ጊዜ ውሃም መጸዳጃም የለውም። ይህን ያላወቀ ተጓዥ ተታለልሁ ይላል፤ ያወቀው ደግሞ ተዘጋጅቶ ሄዶ አንበሳ ሲያገሳ ሰምቶ ይመለሳል። በአውሮፓ ዘመድ ዘንድ ሄዶ ካራቫን ለሚከራይም ተመሳሳይ ነው። እዚያ ጥሩ የሚባል ቦታ ለእያንዳንዱ ካራቫን የመብራት መሰኪያ፣ ለሁሉም የሚሆን የንጹሕ ውሃ ቧንቧና የመጸዳጃ ሣጥን መድፊያ አለው። በእንግሊዝ ግን ከአምስት ካራቫን በላይ የማያስተናግዱ፣ በገበሬ ማሳ ላይ ያሉ ትንንሽ ቦታዎችም አሉ፤ አንዳንዶቹ ከአንድ ቧንቧና ከመድፊያ ሌላ ምንም የላቸውም። ርካሽና ጸጥተኛ ናቸው፤ የሌላቸውንም አስቀድመው ይጽፋሉ። እኔ ከውጭው ልምድ እንድንወስድ የምፈልገው ይህንን ነው። አንድ ቧንቧ ብቻ ያለው ቦታ «አንድ ቧንቧ አለኝ» ብሎ ሲጽፍ ማንም አይከፋበትም።

በላንጋኖ፣ በባቱ፣ በሶደሬ፣ በአዋሽ ዳር ቦታ ያላችሁ ባለቤቶችና በማኅበር የተደራጃችሁ ወጣቶች፣ ይህን የምለው ለእናንተ ነው። እንግዳው መዋኛ ገንዳ አልጠየቃችሁም። በሩ የሚቆለፍ አንድ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት፣ የሞላ ሮቶ፣ ሌሊቱን የሚያድር ጥበቃ፣ ቆሻሻ የሚጣልበት ጉድጓድ አዘጋጁ። የሌላችሁን ሲደወልላችሁ የለንም በሉ። እናንተ ተጓዦች ደግሞ ያመጣችሁትን ፕላስቲክ ይዛችሁ ተመለሱ፤ መጸዳጃ በሌለበት ከውሃው ቢያንስ ስልሳ ሜትር ርቃችሁ ቆፍራችሁ ቅበሩ፤ ያን ሐይቅ ጠዋት ከብቱም ሕፃኑም ይጠጣዋልና። በሚቀጥለው ቅዳሜ ለመውጣት ያሰባችሁ ካላችሁ ዛሬ ማታውኑ ደውሉ፤ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የዛሬውን ፎቶ ጠይቁ።